ያውቁ ኖሯል? ጋዙ አላለቀም፤ ኮይሉ ነው የተበሳው

የፍሪጅም ሆነ የኤሲ ጋዝ በማገልገል ብዛት እንደማያልቅ ያውቁ ኖሯል? ጋዙ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። በታሸገ ቱቦ ውስጥ አንዴ ፈሳሽ አንዴ ትነት እየሆነ ይዞራል እንጂ የትም አይሄድም። ቱቦው ካልተበሳ ሃያ ዓመትም ቢሆን የሚሠራው ያው ጋዝ ነው። «ጋዝ ጨርሷል፣ እንሙላው» ያለዎት ጠጋኝ እንግዲህ የነገረዎት ግማሹን ብቻ ነው። በየት በኩል ወጣ? ይህ ካልተመለሰ ዛሬ የተሞላው ጋዝ በዚያው ቀዳዳ ይከተላል፤ የከፈሉበትም ገንዘብ እንዲሁ።

ማንኛውም ማቀዝቀዣ ሁለት ኮይል፣ ማለትም ሁለት የተጠማዘዘ ቱቦ፣ አለው። አንዱ ከውስጥ ሙቀቱን ይሰበስባል፣ ሌላው ከውጭ ይበትነዋል። ኤሲ ቅዝቃዜ አያመርትም፤ የቤቱን ሙቀት ተሸክሞ ደጅ ይጥላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የመኖሪያ ቤት ኤሲ እምብዛም አያስፈልጋትም። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላና ሰመራ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ዳሎል ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተወሰደው ልኬት አማካይ ዓመታዊ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሰው በኖረበት ቦታ እስካሁን ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነው። በሸገር ግን የኮይል ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታሰበው ፍሪጅ ነው።

ቆራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣው አሮጌ ፍሪጅና ኤሲ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ሲደርስ ይበለታል። አንዱ ኮምፕሬሰሩን ይነቅላል፤ ሌላው በመዶሻና በመሮ ቀጫጭኑን የአሉሚኒየም ቅጠል ከመዳቡ ቱቦ ላይ ይልጣል። እዚህ ኮይል ሁለት ዋጋ አለው፦ ገና የሚሠራ ከሆነ እንደ ዕቃ፣ ካልሆነ በኪሎ። የተላጠው አሉሚኒየምም ቢሆን ተራ ነገር አይደለም። ያገለገለ አሉሚኒየምን መልሶ ማቅለጥ የሚፈጀው ኃይል ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት ከሚያስፈልገው 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው።

ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ጥቁር ፍርግርግ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ሳይሆን ብረት እንደሆነስ ያውቁ ኖሯል? በኪሎ መዳብ የሚገዛ ሰው ኪሱ ውስጥ ማግኔት ቢይዝ አይከፋም።

ያገለገለ ኮይል እንደ ዕቃ የሚገዙ ከሆነ መጀመሪያ የሚያዩት ቱቦው የሚታጠፍባቸውን ጫፎች ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር ጋዝ በሾለከበት ቦታ ዘይትም ይወጣል፤ አቧራው እዚያ ላይ ይጋገራል። ሌላው ቦታ ደርቆ አንድ ማጠፊያ ላይ ብቻ ጥቁር ቅባታም እድፍ ካዩ ቀዳዳውን አገኙት ማለት ነው። ቀጥሎ የተቆረጠውን ጫፍ ያሽትቱ። አፍንጫ የሚቆጠቁጥ የቃጠሎ ሽታ ካለው የቀድሞው ኮምፕሬሰር ተቃጥሎ ዘይቱን አሲድ አድርጎታል፤ ያንን ኮይል ቢገጥሙት አዲሱን ኮምፕሬሰርም ይበላዋል። በመጋዝ ተቆርጦ አፉን ከፍቶ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት የከረመ ኮይልም እንዲሁ አይታመንም። በቤት ፍሪጅ ጋዙ የሚያልፍበት ካፒላሪ የሚባለው ቀጭን ቱቦ የውስጥ ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳን ላይሞላ ይችላል፤ አንዲት የመጋዝ ብናኝ ትደፍነዋለች። አፉ ተጨፍልቆ የታሸገውን ይምረጡ።

ፍሪዘር ውስጥ የተጋገረን በረዶ በቢላ መፈቅፈቅ ፍሪጅ ከሚገደልባቸው መንገዶች ሁሉ ቀላሉ ነው። ከበረዶው ሥር ያለው ስስ አሉሚኒየም ነው። ፍሪጁን ነቅለው በሩን ከፍተው ይተዉት፤ ራሱ ይቀልጣል።

የኤሲ ኮይል በረዶ መጋገሩ ደግሞ የጉብዝና ምልክት አይደለም። ወይ ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗል፣ ወይ ጋዙ ጎድሏል።

አንዳንዴ መዳቡ ሳይመታና ሳይወጋ ይበሳል፤ ባለሙያዎች ይህን «የጉንዳን ጎጆ ዝገት» ይሉታል። ከኮምፔንሳቶ፣ ከማጣበቂያና ከጽዳት ፈሳሽ የሚተን ደካማ አሲድ በመዳቡ ግድግዳ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጠመዝማዛ ዋሻዎች ይቆፍራል። አቼቶም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ «ጥሩ ያጸዳል» ብለው ኮይል ላይ አይርጩት።

መጠገን ወይስ መቀየር? ብረቱን ይጠይቁ። መዳብ ከመዳብ ጋር በደንብ ይበየዳል። መዳብ 1,085 ዲግሪ፣ አሉሚኒየም ግን 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ስለዚህ አሉሚኒየም ኮይል ላይ እሳቱ ትንሽ ካመለጠ ቀዳዳው መስኮት ይሆናል። የፍሪዘር አሉሚኒየም ላይ የምትገኝ ትንሽ ቀዳዳ፣ እዚያ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ በባለሁለት ቱቦው ጠንካራ ማጣበቂያ ልትያዝ ትችላለች። ከውጭ ባለው ባለ ከፍተኛ ግፊት ኮይል ላይ ግን ማጣበቂያ ማለት ገንዘብ መጣል ነው፤ ይቀየር።

ለአር-22 ጋዝ የተሠራ የኤሲ ኮይል ለአዲሱ አር-410ኤ እንደማይሆን ያውቁ ኖሯል? አዲሱ ጋዝ የሚሠራበት ግፊት ከአሮጌው 1.6 እጥፍ ያህል ነው።

አሁን ደግሞ የአዲስ አበባን ጠጋኞች በተለይ የሚመለከት ነገር። ከጥገና በኋላ አየሩንና እርጥበቱን ከቱቦው መምጠጥ የግድ ነው፤ የግፊት መለኪያው (የጌጁ) የቫኪዩም ምልክት የሚያበቃው 30 ኢንች ላይ ነው። እዚህ ሸገር ላይ መርፌው 30 እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ዕድሜ ልኩን ይጠብቃል! 30 የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። በኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ መርፌው 23 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ የሚመጠጥ አየር የለም። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጅቡቲ ላይ ግን 23 ላይ ያቆመ ጠጋኝ ሩብ ያህሉን አየር ውስጥ ትቶታል። የሳሳው አየር ሌላም ጣጣ አለው። ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል፤ ስለዚህ እዚህም ኮንደንሰሩን፣ ማለትም ከውጭ ያለውን ኮይል፣ አቧራ እንዲጠጣ መተው አያዋጣም።

አዳዲስ የቤት ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር-600ኤ አይሶቡቴን ነው፤ ከሲሊንደር ጋዝ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፣ በእሳት ይያያዛል። ሌላም ጠባይ አለው፦ ፍሪጁ እየሠራ ሳለ በውስጠኛው ኮይል ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል። ቀዳዳ ቢኖር ጋዝ አያስወጣም፤ አየር ያስገባል። እንዲህ እያለ የሳሙና አረፋ ቢቀቡት ምንም አይነፋም። መፈተሽ ያለበት ፍሪጁ ጠፍቶ ግፊቱ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ቀዳዳ ለመፈለግ ኦክስጅን የሚነፋ ሰው ካዩ ይሽሹ፤ ኦክስጅን ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር በግፊት ሲገናኝ ይፈነዳል። የሚነፋው ደረቅ ናይትሮጅን ነው። የአር-22 ቅሪት ባለበት ቱቦ ላይ እሳት መልቀቅም ቀላል አይደለም፤ ጋዙ በእሳቱ ሙቀት ሲበታተን ከሚፈጥራቸው መርዞች አንዱ ፎስጂን ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የጨረሰው።

አንዳንድ የድሮ ፍሪጆች የሽቦ መደርደሪያ በካድሚየም ይለበጥ ነበር። ከምን አለሽ ተራ ገዝተው የሥጋ መጥበሻ እንዳያደርጉት፤ ካድሚየም ሲሞቅ ይመርዛል።

አልበርት አንስታይን የፍሪጅ ፈጠራ ባለቤትነት እንደነበረው ያውቁ ኖሯል? ከፊዚክስ ሊቁ ሊዮ ሲላርድ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካ ውስጥ አስመዝግቧል። ያነሳሳቸው በርሊን ውስጥ ከፍሪጅ የሾለከ መርዛማ ጋዝ አንድ ቤተሰብ መጨረሱ ነበር። የዘመናዊው ኤሲ ጀማሪ ዊሊስ ካሪየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1902 መሣሪያውን የነደፈው ለሰው ምቾት ሳይሆን፣ ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በእርጥበት እንዳይበላሽ ነው።

መርዛማዎቹን ጋዞች የተካው አር-12 ሰውን አልገደለም፤ ኦዞንን በሳ እንጂ። የሞንትሪያል ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው ለዚህ ነው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት፣ የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 716ም አላት። በዚሁ ስምምነት መሠረት እንደኛ ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2030 አር-22ን ያሰናብታሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚፈቀደው ለነባር ዕቃ ጥገና የሚሆን ጥቂት ብቻ ነው። የአር-22 ኤሲዎ ኮይል ዛሬ ከተበሳ ኮይሉን ብቻ ቀይሮ መቀጠል፣ በኔ አስተያየት፣ አያዋጣም።

አንድ ኪሎ አር-22 አየር ላይ ሲለቀቅ 1,810 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመልቀቅን ያህል ምድርን ያሞቃል፤ አንድ ኪሎ አር-12 ደግሞ ከ10 ቶን በላይ። ስለዚህ አሮጌውን ፍሪጅ ወይም ኤሲ ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት ቱቦውን በፒንሳ ቆርጠው አያስተንፍሱት፤ ጋዙን ወደ ሲሊንደር የሚመልስ መሣሪያ ያለው ጠጋኝ ይፈልጉ።