ፓኬት ትሬሰር፦ ኔትወርክን አስቁሞ ማየት

የኮምፒውተር ኔትወርክ ኮርስ የጀመረ ተማሪ ሳይውል ሳያድር የሚገጥመው እንቆቅልሽ አለ። ከራውተር ማዶ ላለ ኮምፒውተር ፒንግ ሲልክ፣ ፒንጉ ከሚልካቸው አራት ጥያቄዎች የመጀመሪያው መልስ ሳያገኝ ይቀራል፤ ሦስቱ ደርሰው ይመለሳሉ። ኬብሉ ደህና ነው፣ አድራሻውም ልክ ነው። ታዲያ የመጀመሪያው የት ገባ?

በእውነተኛ መሣሪያ ላይ የፓኬቱን ጉዞ ዓይን አይከተለውም። ፓኬት ትሬሰር ግን ያሳያል። ሶፍትዌሩ ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ለጀመረው የኔትወርኪንግ አካዳሚ የተሠራ ነው፤ የተመዘገበ ሰው በነፃ ያወርደዋል፤ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም የታወቀ ነው። ተማሪው ራውተር፣ ስዊችና ኮምፒውተር እየጎተተ ስክሪኑ ላይ ይደረድራል፣ በኬብል ያገናኛል፣ እውነተኛ ራውተር ላይ በሚጻፉት ትእዛዞች ያዋቅራል። «ኖ ሻትዳውን» የምትለዋን ትእዛዝ ከዘነጋ የራውተሩ ፖርት አይከፈትም፤ በኬብሉ ጫፍ ያለችው ቀይ ምልክትም አረንጓዴ አትሆንም።

ሶፍትዌሩ ወደ ሲሙሌሽን ሁነታ ሲቀየር ጊዜ ይቆማል። እያንዳንዱ ፓኬት ትንሽ ፖስታ ሆኖ ይታያል፤ የማስቀጠያው ቁልፍ በተጫነ ቁጥር አንድ እርምጃ ይሄዳል። የጠፋው ፒንግ ነገርም እዚህ ይገለጣል። ፖስታው ራውተሩ ጋ ይደርሳል፤ ራውተሩ ግን የተቀባዩን አይፒ እንጂ ማክ አድራሻውን (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) አያውቅም። ስለዚህ ፖስታውን ይጥልና፣ በዚያኛው ወገን ላሉት ሁሉ «የዚህ አይፒ ባለቤት ማነው?» የሚል የኤአርፒ ጥያቄ ይበትናል። ባለቤቱ ብቻ ይመልሳል። ሁለተኛው ፒንግ ሲመጣ ማክ አድራሻው ተመዝግቧል፤ ያልፋል።

አንድ ራውተር ለብዙ ተማሪ በሚደርስበት ቤተ ሙከራ፣ እያንዳንዱ የራሱን ኔትወርክ ሠርቶ ያለ ፍርሃት ማበላሸት መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁንና ፓኬት ትሬሰር መሣሪያውን ያስመስላል እንጂ መሣሪያውን አይሆንም፤ እውነተኛው ራውተር የሚቀበላቸውን አንዳንድ ትእዛዞች ጨርሶ አያውቃቸውም። ከዚህ ለሚያልፍ ተማሪ ሌሎች አሉ። ጂኤንኤስ3 የራውተሩን እውነተኛ ሶፍትዌር ያስኬዳል፤ በዚያው ልክ ብዙ ራም ይበላል። ሚኒኔት በአንድ ሊኑክስ ማሽን ላይ ሙሉ ኔትወርክ ያቆማል። ኤንኤስ-3 ደግሞ አዲስ ፕሮቶኮል በሲ++ ጽፎ ለሚፈትን ተመራማሪ ነው።

መምህሩ ልምምድ ካዘጋጀ ፓኬት ትሬሰር ራሱ በመቶኛ ያርማል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ትእዛዙን ከጓደኛው የቀዳ ተማሪም መቶ ይደፍናል። ይልቅ ሆን ተብሎ የተበላሸ ኔትወርክ ሰጥቶ «ፖስታው የት ላይ ወደቀ? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ፖስታውን ደረጃ በደረጃ ያልተከተለ ተማሪ ይህን አይመልስም።