ሮድስና ባርናቶ፦ የሁለት የአልማዝ ከበርቴዎች ጠብና ሽርክና

ሁለት ከበርቴዎች ሲጣሉ ሠራተኛው ፋታ ያገኛል የሚል አስተያየት በውይይታችን መካከል ደጋግሞ ይነሣል። አስተያየቱን በደፈናው ከመቀበል ወይም ከመጣል ይልቅ አንድ የታወቀ ታሪክ መመርመር ይሻላል ብለን፣ በዚህ እትም የሴሲል ሮድስንና የባርኒ ባርናቶን ግንኙነት አቅርበናል። ቦታው የደቡብ አፍሪካ የአልማዝ ከተማ ኪምበርሊ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ሰዎች በትውልድም ሆነ በአስተዳደግ አይገናኙም። ሮድስ የእንግሊዝ ቄስ ልጅ ነው፤ በ1871 ኪምበርሊ ገባ፣ እየተመላለሰም በኦክስፎርድ ተምሮ በ1881 ተመረቀ። ባርናቶ የተወለደው በለንደን ምሥራቃዊ የድሆች ሰፈር ከአይሁድ ቤተሰብ ነው፤ በ1873 ኪምበርሊ ሲደርስ ከንግድ ብልሃቱ በቀር ይህ ነው የሚባል ሀብት አልነበረውም። ሁለቱም የትንንሽ ባለይዞታዎችን ቁራሽ መሬት እየጠቀለሉ አደጉ። በመጨረሻ ሮድስ በደ ቢርስ፣ ባርናቶ በኪምበርሊ ሴንትራል ኩባንያ ላይ የበላይ ሆኑ።

የጠባቸው ምክንያት ግልጽ ነበር። አልማዝ የሚወደደው ብርቅ ሲሆን ነው፤ ሁለቱ እየተሽቀዳደሙ ባወጡ መጠን ግን ዋጋው ይወድቃል። ስለሆነም ከሁለቱ አንዱ ሌላውን መዋጥ ነበረበት። በ1887 ሮድስ ከሮትሽልድ ባንክ በተገኘ ገንዘብ እየታገዘ፣ በኪምበርሊ ጉድጓድ ውስጥ ይዞታ የነበረውን የፈረንሳይ ኩባንያ በ1.4 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ከዚያም ይህንኑ ለሴንትራል አስተላልፎ በምትኩ የሴንትራልን አክሲዮን ወሰደ። ባርናቶ ያሸነፈ ሲመስለው ባላንጣውን በገዛ ቤቱ አስገባ።

በ1888 ባርናቶ ተስማማ። የተሰጠው ዋጋ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። የአዲሱ የተዋሐደ ደ ቢርስ የዕድሜ ልክ ገዥ ከተባሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ ንቆት የነበረው የኪምበርሊ ክበብ በሩን ከፈተለት፤ በዚያው ዓመትም የኬፕ ቅኝ ግዛት ምክር ቤት አባል ሆነ። ሮድስ ከ1881 ጀምሮ የዚያው ምክር ቤት አባል ነበር።

ከሴንትራል ባለአክሲዮኖች አንዳንዶቹ ውሕደቱን በመቃወም ከሰሱ። ፍርድ ቤቱም የአዲሱ ኩባንያ ሥልጣን ከማዕድን ቁፋሮ እጅግ ያለፈ መሆኑን ተመልክቶ ለከሳሾቹ ፈረደ። ሁለቱ ግን መንገድ አላጡም፤ ሴንትራልን አፍርሰው ንብረቱን በ1889 በ5,338,650 ፓውንድ ቼክ ገዙት። በዚያው ዓመት ሮድስ ለብሪቲሽ ሳውዝ አፍሪካ ኩባንያ የንግሥቲቱን ቻርተር አገኘ፤ በ1890 የኬፕ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የአልማዙ ገንዘብ የቅኝ ወረራ ስንቅ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ሠራተኛው የት ነበር? ጌቶቹ በአክሲዮን ሲጣሉ በእርሱ ጉዳይ አልተጣሉም። በ1882 የወጣው የአልማዝ ንግድ ሕግ፣ አልማዝ በእጁ የተገኘበት ሰው ሕጋዊነቱን ራሱ እንዲያስረዳ አስገደደ። ከ1885 ጀምሮ ሴንትራልም ደ ቢርስም ጥቁር ሠራተኞቻቸውን ውሉ እስኪያልቅ በማይወጡበት አጥር ግቢ ውስጥ ዘጉባቸው፤ ራቁታቸውንም ይፈትሹአቸው ነበር። ስምምነቱ በተደረገበት በ1888 በደ ቢርስ ጉድጓድ በተነሣ እሳት ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ከጠባቸው ለሠራተኛው የቀረችው ጥቅም አንዱን ጌታ ትቶ ወደ ሌላው መሄድ ነበረች። ጌቶቹ አንድ ሲሆኑ እርስዋም ጠፋች።

እኛን የሕክምና ተማሪዎችን በተለይ የሚነካ ነገር አለ። በ1883 በኪምበርሊ አካባቢ ፈንጣጣ ገባ። ወሬው ከተሰማ ሠራተኛው ይሸሻል፣ ማገዶና እህል የሚያመጣውም ይቀራል ተብሎ ተፈራ። የሮድስ የቅርብ ወዳጅ የነበረው ዶክተር ጀምሰንና ጥቂት ባልደረቦቹ በሽታው ፈንጣጣ አይደለም፣ ሌላ የቆዳ በሽታ ነው ብለው መሰከሩ። ዶክተር ሃንስ ሳወር ፈንጣጣ መሆኑን ቢናገርም ብዙ ጊዜ ሰሚ አላገኘም። በሽታው ተዛምቶ ብዙ መቶ ሰዎች ሞቱ። ጀምሰን ግን በ1904 የኬፕ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቃ።

የሁለቱ ሽርክና ፍጻሜ ታወቀ። በ1895 መጨረሻ ጀምሰን በትራንስቫል ላይ የመራው ወረራ ሲከሽፍ ሮድስ ሥልጣኑን ለቀቀ። የሮድስ ወንድምና የባርናቶ የእኅት ልጅ በአንድ ሴራ ታሰሩ። ባርናቶ በ1897 ከመርከብ ወደ ባሕር ወድቆ ሞተ፤ ሮድስ በ1902 አረፈ። በኑዛዜው ያቋቋመው የትምህርት ዕርዳታ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

እኛም በስኮላርሺፕ የምንማር ነን። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ጥያቄ ይዘን እንነሣ። የምንማርበት ገንዘብ ከማን ላብ ወጣ? ነገ ሐኪም ስንባል፣ አንድ ባለሀብት ፈንጣጣውን በሌላ ስም እንድንጠራለት ወረቀት ቢያቀርብልን እንፈርማለን? ሁለተኛውን ጥያቄ ዛሬ፣ ገና ፊርማችን ዋጋ ሳይኖረው ብንመልሰው ይሻላል።