ስንሄድ 17፣ ስንመለስ 13

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከባለቤቴ ጋር ልጃችንን ልንጠይቅ ወደ ቨርጂኒያ በረርን። ከቦሌ ተነስተን ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስክንደርስ 17 ሰዓት ግድም ፈጀብን። ስንመለስ በ13 ሰዓት ቦሌ ገባን። "ሀገሩ ያው፣ ርቀቱ ያው፤ አራቱ ሰዓት የት ገባ?" አለችኝ ባለቤቴ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ ጥቂት ነው።

መልሱን ያገኘነው ከአሮጌው ሉሌ ላይ ነው። ከልብስ ስፌት ሣጥኗ ቀይ ክር አውጥታ ሰጠችኝ። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣቴ ይዤ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ወጠርኩት። የግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ ብናሰምር መስመሩ በቻድና በማሊ ያልፍ ነበር። ክሩ ግን ሱዳንን ተሻግሮ፣ ሰሃራን በሰያፍ ቆርጦ በስፔን በኩል ወጣ፤ አትላንቲክ መሀል ላይ ከዋሽንግተንም በላይ ወደ ሰሜን ወጥቶ ቁልቁል ወረደ። ድቡልቡል ነገር ላይ አጭሩ መንገድ ይኸው ነው። ርዝመቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የበረራ ርቀት ሲባል የምንሰማውም ይህንኑ ነው።

ስንሄድ ደብሊን ላይ አርፈን ነዳጅ ተሞላ። ባለቤቴ ደብሊንን ፈልጋ አገኘቻት፤ ከክሩ ሁለት ጣት ያህል ወደ ሰሜን ናት። "ይኸውልህ፣ የዘገየነው ስለዞርን ነው!" አለች። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሳሰላው ግን በደብሊን መዞሩ የጨመረብን 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰዓቱን የበላው ማረፉ፣ ነዳጅ መሙላቱና እንደገና መነሳቱ፣ ከዚያም ነፋሱ ነው።

ለምን ማረፍ አስፈለገ? ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ያንሳል፤ ክንፉን የሚደግፈውም እንዲሁ። ስለዚህ አውሮፕላኑ በጣም ካልፈጠነ አይነሳም፤ የሚሸከመውም ክብደት ይገደባል። በርበሬና ሽሮ ያጨቅንባቸው ሻንጣዎች 23 ኪሎ እንዳያልፉ ስንጨነቅ አመሸን እንጂ፣ ከባዱ ጭነት በብዙ ቶን የሚቆጠረው ነዳጅ ነው። ከቦሌ ሙሉውን ይዞ መነሳት ስለሚከብድ መንገድ ላይ ይሞላል። የደለስ ከፍታ ግን 100 ሜትር አይሞላም። አየሩ ወፍራም ስለሆነ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳል፤ በቀጥታም ይመጣል።

ነፋሱ ደግሞ አለ። አትላንቲክ ላይ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ስንሄድ ፊት ለፊት ገጠመን። ስንመለስ ከኋላ ገፋን፤ ከፊቴ ያለው ስክሪን ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ አይቻለሁ።

ባለቤቴ ክሩን ከእጄ ተቀበለችና ራሷ ወጠረችው፤ አሁን ከዋሽንግተን ጀምራ።