ማልዶ ስለ መነሣት፤ የሐርጌሳ ምሳሌነት

ማልዶ መነሣት ለጤናና ለሥራ እንደሚበጅ ያልተመከረ ሰው የለም። ነገር ግን ከመኝታ መነሣት ብቻውን ምስጋና አያሰጥም፤ ሌባም ከሌላው ሰው አስቀድሞ ይነሣልና። ቁም ነገሩ የማለዳዋ ሰዓት ለምን ሥራ ትውላለች የሚለው ነው። ለዚህም በሱማሌላንድ የምትገኘው የሐርጌሳ ከተማ ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆናል።

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ምድር ላይ ስላለች፥ የንጋቱ ቅዝቃዜ ሰውን በመኝታው እንዲቈይ ያባብለዋል። ሆኖም ፀሐይ ከመውጣትዋ ከአንድ ሰዓት በላይ አስቀድሞ የሱብሒ አዛን ከየመስጊዱ ይሰማል። በዚህ አዛን ውስጥ በሌሎቹ አራት የስግደት ጊዜያት የማይነገር ቃል አለ፤ እርሱም ሶላት ከእንቅልፍ እንደሚበልጥ የሚያሳስብ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት መጀመሪያው የነግህ ጸሎት መሆኑ፥ የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች ቀኑን በፈጣሪ ስም መጀመር እንደሚገባ በአንድ ልብ ማመናቸውን ያሳያል።

ይህች ከተማ ቀድሞ ከሐረር ወደ በርበራ የሚጓዙ ነጋዴዎች ውሃ የሚቀዱባት ስፍራ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዓመት ሼክ መደር የተባሉት ሊቅ በሐረር ከተማሩ በኋላ፥ በመምህራቸው በከቢር ኸሊል ምክር ወደ አገራቸው ተመልሰው በዚሁ ስፍራ የቃዲሪያን ማኅበር አቋቋሙ። ከልዩ ልዩ ጎሣ የተሰበሰቡት የማኅበሩ ሰዎችም በጸሎት ብቻ አልተወሰኑም፤ በከብት አርቢው አገር መካከል እንደ ሐረር ገበሬ ማሽላ ዘሩ፥ ፍራፍሬም ተከሉ። ማሽላ የዘራ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ወፍ በእህሉ ላይ የሚወርደው ጎሕ ሲቀድ ነው። ስለዚህ ሰግዶ ተመልሶ የሚተኛ ሰው አዝመራውን አያገኝም።

ነቢዩ መሐመድም ሕዝባቸው በማለዳ ሥራው እንዲባረክ መለመናቸው በሐዲስ ይነገራል። ይህን ያስተላለፈው ሰኽር የተባለው ሰው ነጋዴ ነበረና፥ ሸቀጡን ዘወትር በማለዳ እየላከ እንደ በለጸገ አብሮ ተጽፎአል።

ዛሬ ግን ይህችን ሰዓት የሚሻማት ነገር አለ። ከኢትዮጵያ ደጋ የተቈረጠ ጫት በየቀኑ በመኪና እየገሠገሠ ሐርጌሳ ይገባል። ከቀትር በኋላ ተቀምጦ እስከ ሌሊት ሲቅም ያመሸ ሰው እንቅልፍ የሚጥለው አዛኑ ሊሰማ ሲቃረብ ነው። እንደ ምንም ተነሥቶ ቢሰግድ እንኳ ተመልሶ ይተኛል፤ ገበያውም ያለ እርሱ ይፈታል፤ ሚስቱና ልጆቹም የዕለቱን ጉርስ ከሌላ ይጠብቃሉ። ደጋው በቀድሞው ዘመን ለሐርጌሳ ትምህርትንና እርሻን ልኮ ነበር፤ አሁን የሚልከው እንቅልፍ የሚነሣ ቅጠል ነው። ይህን ላኪውም ተቀባዩም ሊያስብበት ይገባል።

እንግዲህ ማልዶ መነሣት የሚጀምረው ከማታው ነው። ማታውን በከንቱ ያሳለፈ ሰው ማለዳውን አስቀድሞ ሸጦታል። ማታ በጊዜ ዐርፎ፥ ሲነጋ በፊት ለፈጣሪው፥ ቀጥሎም ለቤተ ሰቡ እንጀራ የሚነሣ ሰው ግን የሼክ መደር ማኅበር ከተማ ያቆመበትን ሥርዐት በገዛ ቤቱ ያቆማል።