አንድ ጋብቻ፣ ሁለት ወረፋ

በጫካ ቡናዋ በምትታወቀው ያዮ፣ ባል ወይም ሚስት አሜሪካ ያላቸው ሰዎች ሲገናኙ «ፕሮሰሱ የት ደረሰ?» መባባላቸው የተለመደ ነው። በአንድ ሰሞን ከተጀመሩ ሁለት ጉዳዮች የአንዱ አልቆ ሚስት ስትሄድ፣ ሌላው ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው ልዩነቱን ለዕድል ወይም ለጠበቃ ጉብዝና ይሰጠዋል። አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ለተከተለ ግን የመፍጠኑም የመዘግየቱም ምክንያት በአብዛኛው ሦስት ነገር ነው፦ የአመልካቹ ሕጋዊ ሁኔታ፣ የጋብቻው ማስረጃና የአመልካቹ ገቢ።

እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ቤተሰብን ማገናኘት አንዱ ዋና ዓላማው ነው። ይሁንና የማመልከት መብት የተሰጠው እዚያ ላለው ሰው ነው። ያዮ ያለችው ሚስት በራሷ ልትጀምረው አትችልም፤ ባልየው «አይ-130» የተባለውን ፎርም ሞልቶ ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያቀርባል። የዚህ ፎርም መጽደቅ በመካከላቸው ጋብቻ መኖሩን ከማረጋገጥ አያልፍም። ቪዛው የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ክፍያው፣ ሰነዱና ቃለ መጠይቁ አልቆ፣ አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ ነው።

ከያዮ በዲቪ ሄዶ ሚኒሶታ የሚኖር ሰው እንውሰድ። ዲቪ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የቪዛ ዕጣ ነው። ሰውየው ዕጣውን ሲሞላ ባለትዳር ከነበረ ሚስቱን መመዝገብ ግዴታው ነው፤ ሳያስመዘግባት ቢቀር የራሱም ዕድል ይሰረዛል። ዕጣው ከወጣለት በኋላ፣ ቪዛ ሳይሰጠው ካገባ ሚስቱን መጨመር ይችላል። ሆኖም እንዲህ ያለው ጋብቻ «የወረቀት ይሆን?» በሚል ጥርጣሬ በጥብቅ ይመረመራል፤ ጉዳዩም በበጀት ዓመቱ መጨረሻ፣ ሴፕቴምበር 30፣ ማለቅ አለበት። አሜሪካ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ያገባ ሰው ግን የዲቪው በር ተዘግቶበታል። የቀረው መንገድ በግሪን ካርድ ባለቤትነቱ ማመልከት ነው።

ሁለቱ ወረፋ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ዜጋ ሚስት «የቅርብ ዘመድ» ከሚባለው ክፍል ትገባለች፤ ለዚህ ክፍል የሚሰጠው ቪዛ በዓመት ኮታ አይገደብም። የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ግን ኮታ ያለው ሌላ ክፍል ውስጥ ነች። ለመላው ዓለም በሕግ የተመደበው በዓመት 87,934 ቪዛ ሲሆን፣ ይህም ለሚስቶች፣ ለባሎችና ላላገቡ ከ21 ዓመት በታች ልጆች በአንድነት ነው። ጠያቂው ከኮታው ሲበልጥ መንግሥት በየወሩ በሚያወጣው የቪዛ ማስታወቂያ የመቁረጫ ቀን ያስቀምጣል፤ ከዚያ ቀን በፊት ያመለከተ ብቻ ይስተናገዳል።

የዚህ ኮታ ጠባይ በቅርብ ዓመታት በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2019 እስከ ማርች 2023 ክፍሉ ወረፋ አልነበረውም። በኤፕሪል 2023 ግን የመቁረጫው ቀን በአንድ ጊዜ ወደ ሴፕቴምበር 2020 ተመለሰ። በመካከሉ ያመለከቱ ሰዎች ምንም ሳያጠፉ ወረፋ ውስጥ ገቡ። በዜጎች ሚስቶች ክፍል እንዲህ ያለ ነገር ሊደርስ አይችልም። ፖለቲካዊ እገዳም ሲመጣ ሁለቱን እኩል ላይነካ ይችላል፦ በኤፕሪል 2020 በኮሮና ጊዜ የወጣው የፕሬዚዳንቱ እገዳ የግሪን ካርድ ባለቤቶችን ሚስቶች ሲከለክል የዜጎቹን ሚስቶች አልነካም።

በተራ ሁኔታ የግሪን ካርድ ባለቤት ከአምስት ዓመት በኋላ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ዜጋ ሲሆን ተጀምሮ የነበረው የሚስቱ ጉዳይ ኮታ ወደሌለው ክፍል ይዛወራል። ይህ ጥቅም ግን ብዙ ሰው የማያየው ጎን አለው። ኮታ ባለው ክፍል ልጅ በእናቱ ማመልከቻ ላይ ተደርቦ ይሄዳል፤ ኮታ በሌለው ግን ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ፎርም መሞላት አለበት። ይህን ያላወቀ አባት ሚስቱ ቃለ መጠይቅ ስትጠራ የልጁ ጉዳይ ገና እንዳልተጀመረ ሊደርስበት ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስረጃው ነው። ያዮ አካባቢ ሠርግ የሚደገሰው ቡናው ተለቅሞ ገንዘብ ሲገባ ነው፤ የሚጋቡትም በሽማግሌ፣ በኒካ ወይም በቤተ ክርስቲያን ነው። የፌዴራሉም የኦሮሚያውም የቤተሰብ ሕግ ለባህላዊና ለሃይማኖታዊ ጋብቻ ዕውቅና ይሰጣል። ኤምባሲው የሚጠይቀው ግን የምዝገባ ምስክር ወረቀት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተጋቡ ብዙዎች ወረቀቱን ያወጡት ከዓመታት በኋላ፣ ፕሮሰስ ሲጀመር ነው። የተጋቡበትና የተመዘገቡበት ቀን መራራቁ ወንጀል ባይሆንም መርማሪው «በመካከሉ ምን ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ባል በስልክ ወይም በወኪል የታሰረለት ኒካ ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ በአካል ተገናኝተው የባልና ሚስት ግንኙነት ካልፈጸሙ በስተቀር፣ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ እንደ ጋብቻ አይቆጠርም።

ትንንሽ ስሕተቶችም እዚሁ ይገባሉ። በጥር 10 ቀን 2010 ዓ.ም. የተፈጸመ ጋብቻ በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 18 ቀን 2018 ነው፤ ትርጉሙ ላይ 2010 ብሎ ማለፍ ስምንት ዓመት ያዛባል። በኦሮምኛው ፊደል በቁቤ «ጨ» የሚጻፈው በላቲን «ሲ» ብቻ ሲሆን ፓስፖርት ላይ ግን «ሲ» እና «ኤች» ተጣምረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጫልቱ የምትባል ሴት በሁለት ሰነድ ሁለት ሰው መስላ ልትታይ ትችላለች። ይህን ማስተካከል ማለት ደግሞ ጉዳዩ ቆሞ ሳለ ወደ መዝገብ ቤት መመላለስ ነው። አዲስ አበባ ላይ መስተካከል ያለበት ነገር ከተገኘ ወደ ያዮ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መመለስ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ገቢ ነው። ባልየው ሚስቱን በገንዘብ እንደሚደግፍ ውል ይፈርማል፤ ገቢውም መንግሥት ካወጣው የድህነት ወለል ቢያንስ 125 በመቶ መሆን አለበት። ለሁለት ሰው ቤተሰብ ይህ በ2024 መመሪያ በዓመት 25,550 ዶላር ነበር። የሚታየው በግብር ሰነድ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ታክሲ የሚነዳና ወጪውን አብዝቶ የሚያስቀንስ ሰው ግብሩ ቢያንስለትም ለዚህ ውል የሚቆጠርለት ገቢው አብሮ ይቀንሳል። ካልሞላ እዚያው አሜሪካ የሚኖር ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ተባባሪ ፈራሚ መፈለግ የተለመደው መፍትሔ ነው። ውሉ ደግሞ በፍቺ አይፈርስም፤ ሚስትየዋ ዜጋ እስክትሆን ወይም ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ የሥራ ዘመን እስኪቆጠርላት ይጸናል። ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቅ ለወዳጅ ብሎ ሲፈርም ይታያል።

በመጨረሻም ሚስት አሜሪካ ገብታ እንኳ ጉዳዩ ሊቀጥል ይችላል። ስትገባ ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጣት የሁለት ዓመት ካርድ ነው፤ ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስቱ በአንድነት እንደገና ያመለክታሉ። ለቪዛ ብቻ የተደረገ ጋብቻ ከተረጋገጠ ግን በዚያ ሰው ስም ሌላ የቤተሰብ ማመልከቻ ዳግመኛ አይጸድቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው፦ የሚስት መሄድ የሚፈጥነው ትዳሩ ስለጠነከረ አይደለም። ኮታውንና የዋሽንግተንን ውሳኔ ባልና ሚስት ሊለውጡት አይችሉም። በእጃቸው ያለው ሌላው ነው፤ ስለዚህ ያዮም ሆነ ሌላ ቦታ ላሉ ተጋቢዎች ምክሩ አጭር ነው፦ ጋብቻችሁን በተጋባችሁበት ሰሞን አስመዝግቡ፣ ስማችሁ በየሰነዱ አንድ ዓይነት መሆኑን ሳትፈርሙ አረጋግጡ፤ አሜሪካ ያለውም ግብሩን በትክክል ያሳውቅ፣ ዜግነት የሚጠይቅበት ቀን ሲደርስም አያሳልፈው።