የሞተር መብራት ሲበራ፦ መለዋወጫ ከመግዛት በፊት መመርመር

በብዙ አጥቢያዎች ለልማት ሥራ የሚያገለግለው ተሽከርካሪ አንድ ብቻ ነው። እርሱ በቆመ ዕለት ለውኃ ጉድጓዱ የተገዛው ሲሚንቶ አይደርስም፤ ታማሚውን ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስም ይጠፋል። የጥገናው ወጪ ከምእመናን አስተዋጽኦ የሚሸፈን በመሆኑም፣ ሳይመረምሩ መለዋወጫ መግዛት ለሰበካ ጉባኤው ለማስረዳት የሚከብድ ነገር ነው።

ይህን የምንለው ከራሳችን ስሕተት ተምረን ነው። አንዲት የመስክ ፒክአፕ መኪናችን በመንገድ መካከል ድንገት እየጠፋች አስቸገረች። የሞተር መብራት በርቶ ስለ ነበር ኮዱ ሲነበብ፣ የክራንክሻፍት ሴንሰርን መስመር የሚመለከተው ፒ0335 ተገኘ። ሴንሰሩ ተገዝቶ ተገጠመ፤ መኪናዋ ግን በሳምንቱ እንደ ገና ቆመች። ኋላ ላይ ነጂው ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ሲመረምር፣ ከሞተሩ ብረት ጋር እየተፋተገ ልባሱ ተልጦ አገኘው። መፍትሔው የጥቂት ብር ቴፕና አንድ ማሰሪያ ሆነ።

ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የሚጠብቀው ምልክት በትክክል እንዳልደረሰው ብቻ ነው፤ ጥፋቱ ከሴንሰሩ፣ ከሽቦው፣ ከሶኬቱ ወይም ከባትሪው ሊሆን ይችላል። ኮዱን ለማንበብ ከመሪው ሥር በሚገኘው ባለ 16 እግር ሶኬት ላይ የሚሰካና ከስልክ ጋር የሚገናኝ አነስተኛ ማንበቢያ ይበቃል። ኮዱ ከመሰረዙ በፊት ግን በማስታወሻ ይጻፍ። በየገጠሩ የሚያገለግሉት ባለ 1ኤችዜድ ሞተር የቀድሞ ላንድክሩዘሮች ነዳጅ የሚረጩት በሜካኒካል ፓምፕ ስለሆነ ይህ አይመለከታቸውም፤ የሚከተለው የባትሪ ምርመራ ግን ለእነርሱም ያገለግላል።

ምርመራው ሁልጊዜ ከባትሪው ይጀመር። ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ከቆየ በኋላ በመልቲሜትር ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ወርዷል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ሊያሳይ ይገባል። በዚያው በ12 ላይ ከቀረ ዲናሞው ወይም ቺንጊያው ይታይ። ቀጥሎ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርጎ ረዳቱ ሞተሩን ሲያስነሣ መመልከት ነው። ንባቡ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ የኔጌቲቩ ገመድ ላልቷል ወይም ዝጓል። ኮምፒውተሩም ሴንሰሮቹም በዚሁ ገመድ ስለሚመለሱ፣ አንድ የዛገ ቦሎን ብዙ የማይዛመዱ ኮዶችን ሊያመጣ ይችላል። በባትሪው ጫፍ ላይ የሚታየው ነጭና አረንጓዴ ዝገት በሙቅ ውኃና በሶዳ ይጸዳል። ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቅደም፤ ሲታሰር ኔጌቲቩ ይከተል፤ አለበለዚያ ቁልፉ ፖዘቲቩን ይዞ ቦዲውን ከነካ ብልጭታ ያስነሣል። ባትሪ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ በሌሊት በጧፍ ወይም በሻማ ብርሃን ሊታይ ፈጽሞ አይገባም።

የአቧራ መንገድ በጣም የሚጎዳው ከአየር ማጣሪያው በኋላ ያለውን የአየር መጠን ሴንሰር ነው። መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ካጣና ከፒ0101 እስከ ፒ0103 ያሉት ኮዶች ከታዩ፣ በመጀመሪያ ማጣሪያው ይለወጥ። ሴንሰሩ ለእርሱ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ ይረጫል። በውስጡ ያለው ሽቦ እጅግ ቀጭን ነውና በጨርቅም በጣትም አይነካ፤ የጎማ መንፊያ አየርም ሊበጥሰው ይችላል። ደርቆ ካልተጠናቀቀም አይገጠም።

በቤንዚን መኪና የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን በአንዱ ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ በሚገባ አይቃጠልም ማለት ነው፤ ጉዞ ሳይቀጥል ካንዴላውና ኮይሉ ይታዩ። በኮመን ሬል ናፍጣ መኪኖች ላይ ደግሞ የነዳጅ ቧንቧ በእጅ አይፈታ፤ በውስጡ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ስለሚያልፍ ጭላጩ ቆዳ ይበሳል። ይህ ሥራ ለመካኒኩ ይተው።