የአረጋውያን መውደቅና ምዘናው፦ ተረትና እውነታ

ስለ አረጋውያን መውደቅ ሥር የሰደደው እምነት፣ መውደቅ የእርጅና ዕጣ እንጂ ምክንያቱ ተፈልጎ የሚገኝ ነገር አይደለም የሚለው ነው። በአሜሪካ ነርሲንግ ሆም በሚባሉት መጦሪያዎች ከሚኖሩት አረጋውያን ግማሽ ያህሉ በየዓመቱ መውደቃቸው ይህን እምነት የሚያጸና ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የወደቁት አንድ በአንድ ሲመረመሩ የጡንቻ መድከም፣ የዓይን ሞራ፣ ልክ ያልሆነ ጫማ፣ ሌሊት ለሽንት መነሣት፣ ብዙ ጊዜም የእንቅልፍ መድኃኒት ተደራርበው ስለሚገኙ፣ ቢያንስ ከፊሎቹን ማስተካከል ይቻላል።

ሁለተኛው እምነት፣ የሚያሳዝነው ባለሙያዎችም የሚጋሩት፣ ቅጽ ተሞልቶ ነጥብ ከተደመረ ምዘናው አለቀ የሚለው ነው። ጃኒስ ሞርስ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጁት ባለ ስድስት ጥያቄ የመውደቅ ስጋት መለኪያ ከፍተኛ ድምሩ 125 ሲሆን፣ 45 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በተለምዶ ለከፍተኛ ስጋት የተጋለጠ ይባላል። ከአንድ በላይ ሕመም ያለባቸው (15)፣ በከዘራ የሚሄዱ (15)፣ እርምጃቸው የደከመ (10) እና የአቅማቸውን ወሰን የሚዘነጉ (15) አዛውንት ግን፣ አንድም ቀን ሳይወድቁ 55 ያገኛሉ፤ በመጦሪያ ውስጥ እንዲህ ያሉት ጥቂት ስላልሆኑ ነጥቡ ማንን ከማን እንደሚለይ ግልጽ አይሆንም። የብሪታንያው የጤና ልህቀት ተቋም፣ ናይስ፣ በ2013 ሆስፒታሎች የተኝቶ ታካሚዎችን የመውደቅ ስጋት በእንዲህ ያሉ መተንበያዎች እንዳይተነብዩ የመከረ ሲሆን፣ ምክሩ በመጦሪያም ሊታሰብበት ይገባል። ከድምሩ ይልቅ የሚጠቅመው እያንዳንዱን ምክንያት መፈተሽ ነው፤ ለምሳሌ የደም ግፊት በተኙበት፣ ከዚያም ከተነሡ በኋላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተለክቶ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ፣ ሲቆሙ የሚያዞራቸው ለምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ከዚያም መድኃኒታቸውን ከሐኪም ጋር መከለስ ይቻላል።

የአልጋ መከለያ ብረት ማቆም ወይም ሰውን ከወንበር ጋር ማሰር ከመውደቅ ያድናል የሚለው ደግሞ ከሁሉም አደገኛው ነው። ግራ የተጋባ ሰው መከለያውን ለመሻገር ሲሞክር ከከፍታ ይወድቃል፣ በብረቱና በፍራሹ መካከልም ሊታነቅ ይችላል፤ የታሰረ ሰው ጡንቻ ደግሞ በፍጥነት ይሟሽሻል። የአሜሪካ የ1987 ሕግ በመጦሪያዎች ውስጥ ሰውን ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ ምቾት ማሰርን ከልክሏል።

ምዘናው አንዴ ተደርጎ የሚዘጋ አይደለም፤ ሰውየው ሲገባ፣ መድኃኒቱ ሲቀየር፣ ከሆስፒታል ሲመለስና በወደቀ ቁጥር ይደገማል። በዚህ ጊዜ ዋነኛ መረጃ የሚሰጡት ረዳት ነርሶች ናቸው፤ ማን በስንት ሰዓት ለሽንት እንደሚነሣ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።